ለፑል ስቲካችሁ የሚሆነውን ቲፕ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ፑል ቤት ገብታችሁ ስቲክ ስታነሱ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? አብዛኛው ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መጣመም አለመጣመሙን ያያል፣ ካልሆነም ጠረጴዛው ላይ አንከባሎ ይሞክረዋል። ደግ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ጫፉ ላይ ያለችውን ቁራጭ ቆዳ፣ ቲፕ የምትባለውን፣ ቀና አድርጎ የሚያይ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ነጯን ኳስ የምትነካው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። አቋማችሁ፣ ክንዳችሁ፣ ስንት ወር የለፋችሁበት ልምምድ ሁሉ ወደ ኳሱ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ቆዳውና ኳሱ የሚነካኩትም በአንድ ምት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ጥቁሯን ስስት ነው። ሰፈር ውስጥ፣ ቅዳሜ ማታ፣ የኔ ኳሶች በሙሉ ገብተው ስምንት ቁጥር ብቻ ቀርታ ነበር። ጥግ ላይ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች። ነጯ ተከትላት እንዳትገባ ብቻ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለባት። ቲፑ እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ዱቄት፣ ቾክ፣ ቀባሁ፣ ዝቅ አድርጌ መታሁ፣ "ጣቅ" የሚል ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። ነጯ ዘለለችና ጥቁሯን ሳትነካ አልፋ ሄደች። ጓደኞቼ "እጅህ ተንቀጠቀጠ" አሉኝ። ስቲኩን አምፖሉ ስር ወስጄ ጫፉን ሳየው ግን ቆዳው እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል፣ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ቾኩም የያዘው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የስቲኬን ቲፕ ራሴ እመርጣለሁ፣ ራሴ እለጥፋለሁ፣ የጓደኞቼንም እንዲሁ። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስቲካችሁን እዩት

ቲፕ ከመግዛታችሁ በፊት የናንተ ስቲክ ላይ በምን እንደተያያዘ እወቁ። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ በሙጫ የሚለጠፈው ነው። ጥሩ የሚባሉት ስቲኮች ሁሉም ማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው። ከቆዳው ስር ነጭ ቀለበት የሚመስል ነገር ታያላችሁ፣ ፈሩል ይሉታል፣ ሥራው እንጨቱ በምት ብዛት እንዳይሰነጠቅ መያዝ ነው። ሁለተኛው እንደ ብሎን የሚጠመዘዘው ነው፣ ከቆዳው ስር ጥርስ ያላት ትንሽ ብረት አለችው። ሦስተኛው እንደ ኮፍያ የሚጠለቀው ነው፣ ፕላስቲኩና ቆዳው አንድ ላይ ተሠርተው እንጨቱ ላይ ይደፋሉ።

ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ለመቀየር ይቀልላሉ፣ ለዚህም ነው ርካሽ ስቲኮች ላይ የሚበዙት። ምርጫቸው ግን ጠባብ ነው፣ ሲላሉ ደግሞ ቲፑ በየምቱ ትንሽ ይነቃነቃል፣ እናንተም እጃችሁን ትጠራጠራላችሁ። ብሎኑ ካላችሁ ከጨዋታ በፊት በጣታችሁ አጥብቁት። ከዚህ በኋላ የምለው በዋናነት በሙጫ ስለሚለጠፈው ነው።

ስፋቱ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፣ ግን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥር ባላቸው ኳሶች የምንጫወተው ፑል ኳሱ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የስቲኩ ጫፍም ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ነው። ስኑከር ኳሱ 52.5 ሚሊ ስለሆነ ቲፑም ይቀጥናል፣ 9 ወይም 10 ሚሊ። በቀይና ቢጫ ኳስ የሚጫወቱት የእንግሊዞቹ ፑል ደግሞ ከዚያም ይቀጥናል። የዓለም ፑል ማኅበር ሕግ ከ14 ሚሊ በላይ የሆነ ቲፕ አይፈቅድም።

በግምት አትግዙ። ፈሩሉን በካሊፐር ለኩት፣ ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለ የብረት ወይም የእንጨት ሠራተኛ ጋ ሂዱ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከዚያ ቲፑን ከለካችሁት እኩል ወይም ትንሽ ሰፋ ያለ ግዙ። ለ13 ሚሊ ስቲክ 14 ሚሊ ቲፕ ገዝቶ ከለጠፉ በኋላ ዳሩን መላጨት የተለመደ ነው። ጠበብ ያለ ግን በፍጹም አትግዙ። የስኑከር ቲፕ የፑል ስቲክ ላይ ለጥፎ የሚጫወት ልጅ አውቃለሁ። ፈሩሉ ዙሪያውን ባዶውን ቀርቶ በጎን በኩል ሲመታ ኳሱን የሚነካው ፕላስቲኩ ነበር። ብዙም አልቆየ ፈሩሉ ተሰነጠቀ።

ለስላሳ ወይስ ጠንካራ?

ፑል ቤት ውስጥ ስለ ቲፕ የሚነሳ ክርክር ካለ ይህ ነው። "ፋልሶ ከፈለግክ ለስላሳ ግዛ" ይሏችኋል፣ ፋልሶ ማለት የኳሷ መሽከርከር ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ አምኜበታለሁ። ነገሩ ግን እንደሚወራው አይደለም። አሜሪካ ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ያስተማረው ዴቪድ አልቺያቶሬ፣ ተጫዋቾች "ዶክተር ዴቭ" የሚሉት፣ የቢሊያርድን ፊዚክስ በፈጣን ካሜራ እየቀረጸ ሲያሳይ ኖሯል። እሱ የሚለው አጭር ነው። ቲፑ ካልተንሸራተተ በስተቀር ኳሷ ምን ያህል እንደምትሽከረከር የሚወስነው ከመሃሏ ምን ያህል ርቃችሁ እንደመታችኋትና በምን ፍጥነት እንደመታችኋት ነው። ለስላሳ ቆዳ በራሱ ፋልሶ አይጨምርም።

ታዲያ ሰው ለምን እንደዚያ ይሰማዋል? ለስላሳ ቆዳ ቾክ ደህና አድርጎ ይይዛል። ቾክ የያዘ ቲፕ አይንሸራተትም። የማይንሸራተት ቲፕ የያዘ ሰው ደግሞ ሳይፈራ ዳር ድረስ ወጥቶ ይመታል፣ ፋልሶውም ይመጣል። ስለዚህ የሚሰማው ነገር እውነት ነው፣ ምክንያቱ ነው ሌላ። ጠንካራ ቲፕም በደንብ ተሸካክሮ ቾክ ከተቀባ ያንኑ ይሠራል።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ነው? ለስላሳው ሲመታ ድምፁ ይታፈናል፣ የምቱ ኃይልም ትንሽ ቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ ቀስ ብላችሁ ለምትገፏቸው ኳሶች ምቹ ነው። ጉዳቱ ቶሎ ማለቁ ነው። በየቀኑ ሲመታበት እንደተቀጠቀጠ ችካል አናቱ ወደ ጎን ይንሰራፋል፣ ቅርጹም ይጠፋል፣ እንክብካቤ ይፈልጋል። ጠንካራው ኃይሉን ሳይቀንስ ወደ ኳሱ ያሳልፋል፣ ቅርጹንም ይዞ ይቆያል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ግን ፊቱ እየተወለወለ ይሄዳል፣ ያኔ ቾክ እምቢ ይላል፣ እኔን ያሳተኝም ይኸው ነው። መካከለኛው በሁለቱ መሃል ነው።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ መካከለኛ ግዙ። የመጀመሪያችሁ ከሆነ በተለይ። ስድስት ወር ተጫወቱበት፣ ከዚያ ምን እንደጎደላችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። በየሳምንቱ ቲፕ የመንከባከብ ትዕግሥት እንደሌላችሁ ካወቃችሁ ወደ ጠንካራው አዘንብሉ። ስቲኩ የፑል ቤት ከሆነና በቀን ሃምሳ ሰው የሚይዘው ከሆነ ለስላሳ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው።

ኳሶቹን ለሚበትነው ለመጀመሪያው ምት ብቻ ሌላ ስቲክ የያዙ ሰዎች አሉ። ለእነሱ በጣም ጠንካራው ይሻላል፣ ከቆዳ ይልቅ ፌኖሊክ የሚባል እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር የሚጠቀሙም አሉ። ለተራ ምት ግን ፌኖሊክን አትሞክሩት፣ ቾክ አይይዝም።

በራሳችሁ ዓይን የምታዩት ሙከራ

ወሬውን ትታችሁ ይህን ሞክሩ። ነጯን አስቀምጡና በምትኳ መቀነት ካላቸው ኳሶች አንዷን፣ ለምሳሌ ዘጠኝ ቁጥርን፣ አንሱ። በጨርቅ አጽዷት። መቀነቷ አግድም እንዲሆን፣ እንደ ወገብ ቀበቶ፣ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት። ቲፑን አዲስ ቾክ ቀብታችሁ ወደ ታች ዝቅ አድርጋችሁ ምቷት። ከዚያ ኳሷን አንስታችሁ ቾኩ የት ላይ ነጥብ እንደጣለ እዩ።

ሳትንሸራተቱ መምታት የምትችሉት ከመሃል እስከ ግማሽ ራዲየስ ድረስ ነው። ኳሷ 57 ሚሊ ከሆነች ከመሃሏ 14 ሚሊ ገደማ ማለት ነው። የመቀነቱ ዳር ደግሞ የሚያልፈው እዚያው አካባቢ ነው። ነጥቡ መቀነቱ ላይ ሆኖ ከተንሸራተተባችሁ ጥፋቱ የቲፑ ወይም የቾኩ ነው። ነጥቡ ከመቀነቱ ወጥቶ ነጩ ላይ ካረፈ ግን ቲፑን አትውቀሱት፣ የትኛውም ቆዳ አያድናችሁም። ብዙ ሰው በዚህ ሙከራ ሲደነግጥ አይቻለሁ፣ መሃል መታሁ ብሎ የሚያስበውን ሁሉ ዳር ሲመታው ነበርና። ቲፕ ለመግዛት ከመሄዳችሁ በፊት አሥር ጊዜ ምቱና እዩ። ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ቲፕ ሳይሆን አሮጌውን ማሸካከር ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጥ ወይስ ተደራራቢ?

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት የቆዳ ቲፕ ታገኛላችሁ። አንዱ ከአንድ ቆዳ ተቆርጦ የተጨፈለቀ ነው። ኤልክ ማስተር፣ ለ ፕሮፌሽናል፣ ትራያንግል የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ኤልክ ማስተር ለስላሳ ነው፣ ትራያንግል ጠንከር ይላል። ዋጋቸው ርካሽ ነው፣ በካርቶን ነው የሚሸጡት። ችግራቸው ቆዳ ከቆዳ ስለሚለያይ አንዱ ካርቶን ውስጥ ያሉት እንኳ እኩል አይጠነክሩም። ስለዚህ ስትገዙ ጥቂቶቹን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ጫን ጫን እያደረጋችሁ አወዳድሩ። አንዱ ጥፍር ሲቀበል ሌላው እምቢ ይላል። ዳሩ የተሰነጠቀ ወይም ከስሩ ጎርበጥ ያለውን ተዉት።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤልክ ማስተርን ወተት ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አድርቀው፣ በሞርሳ ጨፍልቀው የሚያጠነክሩ ተጫዋቾች አሉ። ለምን ወተት እንደሆነ ክርክሩ ብዙ ነው፣ ውጤቱ ግን ጠበቅ ያለና የማይንሰራፋ ቲፕ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ስስ ስስ ቆዳ ተደራርቦ በሙጫ የተጣበቀ ነው። የጃፓኖቹ ሙሪና ካሙይ በዚህ ይታወቃሉ፣ ካሙይ ከአሳማ ቆዳ ነው የሚሠራው። የተደራራቢው ጥቅም እኩልነቱ ነው። ዛሬ መካከለኛ ብላችሁ የገዛችሁትና ከዓመት በኋላ መካከለኛ ብላችሁ የምትገዙት ይቀራረባሉ። ቅርጹንም ቶሎ አይለቅም። ዋጋው ግን አይገናኝም፣ በአንድ ካሙይ ዋጋ ብዙ ኤልክ ማስተር ይገዛል። እኔ የምለው፣ መለጠፍ ገና እየተማራችሁ ከሆነ በርካሹ ተለማመዱ፣ ሁለት ሦስቱን አበላሹ፣ እጃችሁ ሲለምድ ውዱን ግዙ። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ቲፕ ለማስመጣት ቀላል ነገር ነው፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ሻንጣም አያከብድም። ስትልኩለት ግን ስሙን ብቻ አትጻፉለት፣ ሚሊውንና ጥንካሬውን ጨምሩ፣ ካሙይ ብቻውን ከለስላሳ እስከ ጠንካራ ብዙ ዓይነት አለው።

ቅርጹን በስሙኒ ለኩት

ቲፑ ጠፍጣፋ መሆን የለበትም። አናቱ ጉብ ማለት አለበት፣ ምክንያቱም ኳሷን ከመሃል ውጪ ስትመቱ የሚነካት የቲፑ ጎን ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ የሚነካት ጠርዙ ይሆናል፣ ጠርዝ ደግሞ ይንሸራተታል። አሜሪካኖች ቅርጹን በሳንቲም ነው የሚለኩት። አንዱ ልክ የኒኬል ነው፣ 21 ሚሊ ገደማ ስፋት ያላት የአምስት ሳንቲማቸው ክብ። ሌላው የዳይም ነው፣ 18 ሚሊ ገደማ፣ ይበልጥ ሾጠጥ ያደርገዋል። ለኛ የቆየችው ስሙኒ ከኒኬል ጋር ትቀራረባለች። ቤት ውስጥ መሳቢያ ብትፈትሹ አንድ አታጡም። ስሙኒዋን ከቲፑ ጎን አቁማችሁ ወደ ብርሃን ያዟቸው፣ የሁለቱ ጉብታ አንድ ዓይነት ከሆነ ጨርሳችኋል። ለ13 ሚሊ ቲፕ ይህ በቂ ነው። ከ12 ሚሊ በታች ለሆነ ቀጭን ስቲክ ትንሽ ሾጠጥ ቢል ይሻላል።

ስለ ቾክ ሁለት ነገር

በፊት የስቲክ ጫፍ ባዶ እንጨት ነበር። ቆዳ በመለጠፍ ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው ወታደር ፍራንሷ ሚንጎ ነው፣ እስር ቤት ሆኖ እንዳሻሻለው ይነገራል፣ ዘመኑም በአውሮፓውያኑ 1807 አካባቢ። የዛሬው ቾክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካውያኑ ዊልያም ስፒንክስና ዊልያም ሆስኪንስ በ1897 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግቡ ከኖራ ይልቅ ሲሊካና ጠንካራ የማዕድን ዱቄት ነው የተጠቀሙት። ስለዚህ እባካችሁ የትምህርት ቤት ጠመኔ ቲፕ ላይ አትቀቡ። ዱቄቱ ልስልስ ነው፣ መንከስ አይችልም። ቾኩንም ቲፑ ላይ እንደ መሰርሰሪያ አታሽከርክሩት፣ ዳር ዳሩን እየጠረጋችሁ አልብሱት። መሃሉ የተቦረቦረ ቾክ ካያችሁ ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚቀቡ ገባችሁ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቾክ ፈሩሉን እንጂ ቲፑን አይቀባም።

አለጣጠፉ

ምርጫችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አለጣጠፉ ካልሆነ ከንቱ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ምላጭ ወይም ከተር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ፣ የወረቀት ፕላስተርና ጠንካራ ጣውላ ነው። ከተሩ ይሻላል፣ ምላጭ ከያዛችሁ ግን ጣታችሁን ጠብቁ።

አሮጌውን ቲፕ ቆርጣችሁ አንሱ። ፈሩሉ ላይ የቀረውን ሙጫ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አንሱት፣ ስቲኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፈሩሉ ፊት ትንሽ እንኳ ከተዛባ ቲፑ በአንድ በኩል አየር ይዞ ይቀመጣል፣ አንድ ማታ ላይም ጨዋታ መሃል ተነቅሎ ይወድቃል። የተነቀለውን ቲፕ ገልብጣችሁ ስታዩት ግማሹ ላይ ሙጫው ሳይነካው ንጹሕ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቲፑን ስርም እንዲሁ ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ አሹት፣ ከፋብሪካ የመጣው ለስላሳ ፊት ሙጫ አይቀበልም። በምላጭ ጫፍ ቀለል ያለ መስቀል ብትጭሩበት ይበልጥ ይይዛል።

የፈሩሉን ጎን በፕላስተር ጠቅልሉት። ሙጫውን ትንሽ አድርጋችሁ መሃል ላይ ጠብ አድርጉ፣ ቲፑን አስቀምጡና ዙሪያውን በጣታችሁ ዳብሳችሁ እኩል መሆኑን እዩ። ከዚያ ስቲኩን ገልብጣችሁ ቲፑን ጣውላው ላይ ጫን አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙት። ይይዛል፣ ግን አትመኑት፣ ያን ሌሊት ይደር።

በነጋታው ቲፑን ጣውላው ላይ እንዳስደገፋችሁ ትርፉን ከፈሩሉ ወደ ጣውላው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ በቀስ ላጩት። አንዴ ብዙ ለመቁረጥ አትሞክሩ፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ዳሩ ከፈሩሉ ጋር ሲስተካከል በጣም ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሹበት፣ ከዚያ ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ የቆዳውን ጎን አርጥቡና በቁራጭ ቆዳ ወይም በወፍራም ጂንስ እስኪሞቅ ፈትጉት። ጎኑ ሲጠቁርና ሲያብለጨልጭ ታያላችሁ፣ እዚህ ላይ መብለጭለጩ ጥሩ ነው፣ ቆዳው እንዳይንሰራፋ ያጠነክረዋል። ፊቱን ግን እንዳታስነኩት። ፊቱ በስሙኒው ልክ ጉብ ብሎ ሸካራ መሆን ነው ያለበት።

አዲስ ቲፕ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጨዋታ ይጠቀጠቃል፣ ቁመቱም ትንሽ ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ማታ ከተጫወታችሁበት በኋላ ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱት። ከፈሩሉ ወጣ ያለ ከንፈር ካገኛችሁ እንደገና ላጩት፣ አርጥባችሁ ፈትጉት፣ ስሙኒዋንም አውጥታችሁ ጉብታውን ለኩ። የቲፑ ጎን 2 ሚሊ ያህል ሲቀረው ደግሞ አዲሱን አዘጋጁ፣ ከዚያ ካለፈ የምትመቱት በቆዳ ሳይሆን በፈሩሉ ነው።